ሠራተኛው ያበላሸው ነገር በልስን ከመሸፈኑ በፊት

በቤት እድሳት መሃል አንድ ነገር መበላሸቱ አይቀርም። ግድግዳ ሲቦረቦር ቧንቧ ይበሳል፣ መስታወት ይጫራል፣ ፍሳሽ ይደፈናል። በዕለቱ የታየ ጉዳት ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ሥራ ይስተካከላል። የሚያስቸግረው በችኮላ ልስን ወይም ሴራሚክ የተደረበበት ነው፤ ከወራት በኋላ እርጥበትና ሻጋታ ሆኖ ብቅ ሲል ማን እንዳበላሸው መጠየቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ስለዚህ ከኮንትራክተሩ ጋር ከመጀመሪያው የምትስማሙበት ነገር ይህ ይሁን፦ የተጎዳው ተጠግኖ ሳይፈተንና ፎቶ ሳይነሳ ግድግዳ አይዘጋም።

ሥራው ሊጀመር ሲል ቤቱን ሳታቋርጡ በቪዲዮ ቅረጹ። ቧንቧውን ሁሉ እየከፈታችሁ፣ ሽንት ቤቱን ውሃ እየለቀቃችሁ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን እየነካችሁ። ቀድሞ የነበረ ስንጥቅ ካለ ጫፍና ጫፉን በእርሳስ ምልክት አድርጋችሁ ቀኑን ጻፉና ማስመሪያ አስጠግታችሁ ፎቶ አንሱ፤ ስንጥቁ ምልክቱን አልፎ ከሄደ በሥራው ምክንያት ሊሆን እንደሚችል መነጋገሪያ ታገኛላችሁ። እድሳት የማይነካቸው ክፍሎችም አይቅሩ፤ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ዕቃ ሲተላለፍ ኮሪደሩ ላይ ነው። ወለል ላይ ፕላስቲክ ብቻ ማንጠፍ አይበቃም። መዶሻ ሲወድቅ ከማዳን ይልቅ ይቀደዳል፣ ሥሩ የገባ አሸዋ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ወለሉን ይፈገፍጋል። መጀመሪያ ይጠረግ፣ ከዚያ ወፍራም ካርቶን ወይም ስስ ኮምፔንሳቶ ይነጠፍ።

ጉዳት ሲደርስ ከንግግር በፊት ውሃና መብራት። ዋናውን ቫልቭ ዝጉ፣ ዝቅ ያለ ቦታ ያለውን ቧንቧ ከፍታችሁ መስመሩ ውስጥ የቀረውን አፍስሱ። ውሃው ሶኬት አጠገብ ከደረሰ እርጥቡን ከመርገጣችሁ በፊት ብሬከሩን አውርዱ። ቧንቧ የበሳው ብሎን ወይም ሚስማር ውሃው እስኪዘጋ ባለበት ይቆይ፤ ራሱ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ የነቀለው ሰው ክፍሉን ያጥለቀልቃል። ሳይጸዳ ፎቶ ይነሳ፦ አንዱ ከሩቅ ክፍሉን የሚያሳይ፣ ሌላው ከቅርብ ከሜትር ጋር። የተሰበረውን ዕቃ አትጣሉ። በዚያው ቀን ለዋናው ኮንትራክተር በጽሑፍ ላኩ፤ ምን፣ የት፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን ሥራ ሲሠራ። እንዴትና መቼ እንደሚጠግን መልስ ጠይቁ። መልእክቱ ለዋናው ኮንትራክተር የሚሄደው በምክንያት ነው፤ ቧንቧ ሠራተኛው በኤሌክትሪሺያኑ፣ ኤሌክትሪሺያኑ በሴራሚክ ሠሪው ሲያሳብብ የሚውልበት ሳይት ብርቅ አይደለም።

የተበሳ ፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ የፕላስቲክ) ቧንቧ ላይ ማጣበቂያና ጎማ መጠቅለል ጥገና አይባልም። ከኋላ ያልተነካና አንድ ጎኑ ብቻ የተበሳ ከሆነ በልዩ ዳይ (የብየዳ ማሽኑ ማሞቂያ ጫፍ) የሚበየድ የመጠገኛ ዘንግ አለ። ወዲያና ወዲህ ከተበሳ ግን የተጎዳው ተቆርጦ በሁለት ሶኬት (የቧንቧ መጋጠሚያ) አዲስ ቁራጭ ይገባል። ለዚህ ግድግዳው ከቀዳዳው ግራና ቀኝ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር መከፈት አለበት፤ አለበለዚያ ቧንቧውን ሳብ አድርጎ ሶኬቱ ውስጥ ማስገባት አይቻልም፣ ብየዳውም ጠማማ ይሆናል። የብየዳ ማሽኑ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። የ20 ሚሊሜትር ቧንቧ 5 ሰከንድ፣ የ25 ደግሞ 7 ሰከንድ ይሞቃል፤ ከዚያ ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ ይገባና ለ2 ደቂቃ ያህል ሳይነካ ይቀዘቅዛል። ብዙ ካሞቁት የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተገፍቶ መተላለፊያውን ያጠብበዋል፤ በኋላ «ውሃው ቀነሰ» የሚባለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ትንሽ ካሞቁት ዛሬ ይይዛል፣ በኋላ ያንጠባጥባል። መጨረሻ ላይ መስመሩ በእጅ ፓምፕ እስከ ሥራው ግፊት 1.5 እጥፍ ውሃ ይሞላ። ፒፒአር ትንሽ ስለሚለጠጥ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) መጀመሪያ ላይ ቢወርድ አትደንግጡ፤ ደግሞ ይሞላና ከዚያ በኋላ ይታይ። አሁንም መውረዱን ከቀጠለ የሆነ ቦታ ያፈሳል።

የኤሌክትሪክ ገመድ ሲቆረጥ የሚደረገው ማታለያ የታወቀ ነው፤ ጠምዝዞ በስኮች ጠቅልሎ በጄሶ መድፈን። ላልቶ የተጠመዘዘ መጋጠሚያ ጭነት ሲበዛበት ይሞቃል፣ ማንም በማያየው ቦታ ደግሞ እሳት ያስነሳል። ትክክለኛው ከሳጥን እስከ ሳጥን አዲስ ገመድ በኮንዲዩቱ (ገመዱ በሚያልፍበት ቱቦ) መሳብ ነው። ካልተቻለ መጋጠሚያው ክዳኑ ከልስን ውጪ በሚታይ ሳጥን ውስጥ ይሁን። ዕቃዎች ከመስመሩ ተነቅለው፣ መብራት ጠፍቶ በ500 ቮልት የኢንሱሌሽን (የገመድ ሽፋን) መለኪያ ይፈተን፤ ከ1 ሜጋኦም በታች ካሳየ ያ መስመር አልፏል አይባልም።

የሲሚንቶ ባልዲ ፍሳሽ ውስጥ ከታጠበ ለማስተካከል ያለው ጊዜ ሰዓታት ብቻ ነው። ወዲያው ከታወቀ ሲፎኑ ተፈትቶ ይጸዳል፣ በብዙ ውሃ ይገፋል። ከጠነከረ መስመሩን መቁረጥ ሊጠይቅ ይችላል። አሲድ የሚያፈስ ሰው ከመጣ አስቁሙት፤ የጠነከረ ሲሚንቶን በቧንቧ ውስጥ አይጨርሰውም፣ እንፋሎቱ ግን ክሮምና ስቴይንለስ ያበላሻል፣ እብነ በረድ ላይ የፈሰሰው ደግሞ ወለሉን ይበላዋል።

ግራይንደር በመስኮት አጠገብ ብረት ሲቆርጥ የሚበተነው ብልጭታ የጋለ ብረት ነው። መስታወትና ሴራሚክ ላይ ቀልጦ ይጣበቃል፣ በኋላም ይዝጋል። በጨርቅ አይለቅም፤ ስለዚህ መስታወቱ ይተካ ብላችሁ ብትጠይቁ ማጋነን አይደለም። አሉሚኒየም ፍሬም ላይ የተረጨ ሲሚንቶም እርጥብ እያለ ይታጠብ፣ እስኪደርቅ ከቆየ ፊቱን ይበላል።

የተሰነጠቀ ሴራሚክ ዙሪያውን ያለው ግራውት (የሴራሚክ መገናኛ መሙያ) ተቆርጦ ከመሃል ወደ ዳር ይሰበራል፤ ከዳር የጀመረ ሰው ጎረቤቱንም ይሰብራል። ከተመሳሳይ ምርት ቁጥር የተረፈ ሴራሚክ ከሌለ ቀለሙ አይገጥምም፣ ስለዚህ ሲገዛ ከ5 እስከ 10 በመቶ ትርፍ ይቀመጥ። መታጠቢያ ክፍል ወለል ላይ አንድ ሰው ለሽንት ቤት መቀመጫ ብሎን ከሰረሰረ ውሃ መከላከያውን በስቶ ሊሆን ይችላል። መውረጃውን ደፍናችሁ ጥቂት ሴንቲሜትር ውሃ ሙሉ፣ ልኩን ምልክት አድርጉ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ምልክቱንና የታችኛውን ቤት ኮርኒስ እዩ።

ኮለን (ምሰሶ) ወይም ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ላይ የተቆረጠ ፌሮ ሲታይ ግን ሁሉም ሥራ ይቁም። ይህ በሲሚንቶ የሚደፈን ጉዳት አይደለም፤ መሐንዲስ አይቶ የጥገናውን ዘዴ በጽሑፍ ሳይሰጥ ማንም አይንካው።

ክፍያን በተመለከተ ውሉ ላይ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሪቴንሽን (ከክፍያው ተይዞ የሚቆይ ገንዘብ) ይኑር። ከፊሉ ሥራው ሲረከብ፣ ቀሪው ኮንትራክተሩ ጉድለት የሚያርምበት የጥገና ጊዜ ሲያልቅ ይለቀቃል። ለጉዳት የምትይዙት ገንዘብ ከጥገናው ዋጋ ጋር ይመጣጠን። ለአንድ ሴራሚክ ሙሉ ክፍያ መያዝ ሠራተኛውን ከሳይት ያስወጣል፣ ክርክሩንም ወደ እናንተ ያዞራል። ቀለም የመጨረሻ ይሁን፦ የረጠበ ልስን ሳይደርቅ የተቀባ ይላጣል፣ የተጠገነ ቦታ ብቻ ሲቀባ ደግሞ ጥገናው ይታያል፤ ግድግዳው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ይቀባ።