ቤቱን ሳይሆን ባለቤቱን መከተል፦ የልደት ቻርት ቤቶችን የማነብበት መንገድ

የልደት ቻርት፣ ማለትም ሰው በተወለደበት ቅጽበት የሰማዩን አቀማመጥ የሚያሳየውን ክብ ሥዕል፣ ስከፍት ቀድሜ የማየው ፀሐይ ከአሥራ ሁለቱ የኮከብ ምልክቶች (ከሐመል እስከ ሑት) በየትኛው ውስጥ እንዳለች አይደለም። ከአድማስ በላይ ናት ወይስ በታች? እሱን ነው የማየው። ክቡን ለሁለት የሚከፍለው አግድም መስመር አድማስ ነው፤ የግራው ጫፍ ምሥራቅ፣ የቀኙ ምዕራብ። ከመስመሩ በላይ ያለው ግማሽ ልጁ ሲወለድ በሰማይ ላይ የነበረው ነው፤ የታችኛው ከምድር ወዲያ የተሸፈነው። ጎሕ ሲቀድ የተወለደ ሰው ፀሐዩ በግራው ጫፍ አካባቢ ትገኛለች፤ በቀትር የተወለደ ወደ አናቱ፣ ጀምበር ስትጠልቅ የተወለደ በቀኙ ጫፍ፣ እኩለ ሌሊት ላይ የተወለደ ወደ ግርጌው። እናት «ፀሐይ ሞቅ ስትል ነው የወለድኩት» ብላ ሳለ ቻርቱ ፀሐይን ከመስመሩ በታች ካስቀመጣት ማንበቡን አቆማለሁ። የገባው ሰዓት ተሳስቷል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው አቆጣጠሩ ላይ ነው። ቻርት የሚያወጡ ፕሮግራሞች ሰዓት የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ነው። እኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የምንለው ለእነሱ 8:00፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ደግሞ 20:00 ነው። ቤቶች የምንላቸው ከክቡ የግራ ጫፍ ወደ ታች እየተቆጠሩ የሚዞሩ አሥራ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ እያንዳንዱ አንድ የሕይወት ጉዳይ ይይዛል። «2:00» ተብሎ እንዳለ ከገባ ፀሐይ ወደ 3ኛው ቤት ትወርዳለች፤ አሥራ ሁለቱም ቤቶች ሦስት ምልክት ያህል ይንሸራተታሉ። የሌሊት ልደት ከዚህም ይከፋል። «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» የተባለው ለማክሰኞ አጥቢያ ከሆነ የሚገባው ማክሰኞ 2:00 ተብሎ ነው። ይህ ስሕተት በቤቶቹ ላይ አይታይም፤ በተመሳሳይ ሰዓት በምሥራቅ አድማስ ላይ የሚወጣው ዲግሪ ከዛሬ ወደ ነገ የሚፈቀቀው አንድ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነውና። ጨረቃ ግን በአንድ ቀን 13 ዲግሪ ገደማ ትሄዳለች፤ ቀን የተሳሳተበት ቻርት ጨረቃን የሌላ ቤት ነዋሪ ሊያደርጋት ይችላል። በበጋ ሰዓቱን ወደፊት በሚገፋ አገር የተወለደ ከሆነም የዚያ ዓመት ሕግ መጣራት አለበት፤ የአንድ ሰዓት ስሕተት 15 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም የግማሽ ምልክት ያህል ነው።

ይህን ያህል በሰዓት ላይ የምጨነቀው ቤት የሚባለው ነገር ከሰዓትና ከቦታ በቀር ሌላ መሠረት ስለሌለው ነው። ምልክቶቹ ፀሐይ በዓመት የምትዞርበት ጎዳና ክፍልፋዮች ናቸው። ቤቶቹ ግን ምድር በራሷ ዛቢያ በቀን አንዴ ከመዞሯ የሚመጡ ናቸው። በምሥራቅ አድማስ ላይ በዚያች ቅጽበት የሚወጣው ዲግሪ አሴንዳንት ይባላል፤ በአማካይ በየ4 ደቂቃው አንድ ዲግሪ፣ በየ2 ሰዓቱ አንድ ምልክት ይቀየራል። አማካይ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር አንዳንዱ ምልክት ፈጥኖ ይወጣል፣ ሌላው ይዘገያል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ከተማ፣ በስድስት ሰዓት ልዩነት የተወለዱ ሁለት ሕፃናት ፕላኔቶቻቸው በሞላ ጎደል በተመሳሳይ ምልክቶች ላይ ይሆናሉ፤ ቤቶቻቸው ግን አይመሳሰሉም። «1ኛ ቤት ማለት ሐመል ነው፣ 2ኛ ቤት ሠውር ነው» እያሉ ቤትን ከምልክት ጋር ማጣበቅ ሁሉን የሚያደበላልቀውም ለዚህ ነው። አሴንዳንቱ ሰንቡላ ለሆነ ሰው 1ኛ ቤቱ ሰንቡላ ነው፤ ከሐመል ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ቤቶቹን እንዴት እንክፈላቸው በሚለው ላይ ኮከብ ቆጣሪዎች ዛሬም አይስማሙም። ቀላሉና ጥንታዊው መንገድ አሴንዳንቱ ያረፈበትን ምልክት ከ0 እስከ 30 ዲግሪ በሙሉ 1ኛ ቤት ማድረግ፣ ቀጣዩን ምልክት 2ኛ ቤት ማለት ነው። ሌላው በትክክል ከአሴንዳንቱ ዲግሪ ጀምሮ በየ30 ዲግሪው ደፍ፣ ማለትም የቤቱን መጀመሪያ፣ መትከል ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ሳይጠየቁ የሚያወጡት ግን ፕላሲደስ የሚባለውን፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖረው ጣሊያናዊ መነኩሴ ስም የሚጠራውን አከፋፈል ነው። እሱ ጊዜን ስለሚከፍል ቤቶቹ እኩል አይወጡም፤ ከምድር ወገብ ራቅ ባለ ቦታ አንዱ ቤት ጠብቦ ሌላው ከአንድ ምልክት በላይ ይሰፋል። ከ66 ዲግሪ ተኩል ኬክሮስ ወዲያ ደግሞ ጨርሶ አይሠራም፤ እዚያ አንዳንድ ዲግሪዎች ቀኑን ሙሉ አይወጡም፣ ሌሎችም አይጠልቁም።

ልዩነቱ ምን እንደሚያመጣ በአንድ ምሳሌ ቻርት ላይ ላሳይ። አሴንዳንቱ 24 ዲግሪ ሰንቡላ፣ ፀሐይ 2 ዲግሪ ሰንቡላ፣ ሜርኩሪ 20 ዲግሪ አሰድ፣ ቬኑስ 10 ዲግሪ ሚዛን፣ ጁፒተር 28 ዲግሪ ሸርጣን ላይ ናቸው እንበል። ፀሐይ ከአሴንዳንቱ 22 ዲግሪ ስለምትቀድም ወጥታለች፤ ልደቱ ፀሐይ ከወጣች ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት በኋላ መሆኑን እዚሁ ላይ ማወቅ ይቻላል። ሙሉ ምልክትን ቤት ካደረግን ፀሐይ በ1ኛው ቤት፣ ሜርኩሪ በ12ኛው፣ ቬኑስ በ2ኛው ናቸው። ከ24 ዲግሪ ጀምረን እኩል ብንከፍል ግን ፀሐይ ወደ 12ኛው ትሸሻለች፣ ሜርኩሪ ወደ 11ኛው፣ ቬኑስም ወደ 1ኛው ትመጣለች። ጁፒተር ብቻ በሁለቱም 11ኛው ላይ ይቆያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ያየ ሰው ይደነግጣል፤ ድንጋጤውም ያለ ምክንያት አይደለም።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ርእሱን ማለትም የገንዘብ ነው፣ የትዳር ነው፣ የሥራ ነው የሚለውን ከሙሉ ምልክት አወጣለሁ። ጉልበቱን ደግሞ ፕላኔቱ ከአሴንዳንቱና ከሰማዩ አናት ዲግሪ፣ ከሚድሄቨን፣ በምን ያህል እንደሚርቅ ቆጥሬ አውቃለሁ። በሙሉ ምልክት አከፋፈል ሚድሄቨን 10ኛው ላይ ብቻ አይቀመጥም፤ 9ኛ ወይም 11ኛ ቤት ላይም ሊያርፍ ይችላል፣ ያኔ የዚያን ቤት ጉዳይ ከሥራ ጋር አያይዤ አነባለሁ። ዋናው ግን አከፋፈሉን ቻርቱን ከማየቴ በፊት መወሰኔ ነው። ደስ የማይል ነገር ሲመጣ ወደ ሌላው አከፋፈል መዝለል ማንበብ አይደለም፤ የሚፈልጉትን መልስ መፈለግ ነው።

የቤቶቹን ትርጉም እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ መሸምደድን አልመክርም። በአራቱ ማዕዘን ከተያዘ ራሱ ይመጣል። ብርሃን የሚወጣበት 1ኛው ቤት ሰውየው ራሱ ነው፦ አካሉ፣ መልኩ፣ ሕይወቱ። ትይዩው፣ ብርሃን የሚጠልቅበት 7ኛው፣ ሌላው ሰው ነው፦ የትዳር ጓደኛ፣ የንግድ ሸሪክ፣ ፊት ለፊት የሚመጣ ባላንጣ። አናት ላይ ያለውን ሁሉም ያየዋል፤ 10ኛው ሥራና ስም ነው። ግርጌው ሥር ነው፤ 4ኛው ቤት፣ ወላጆች፣ መሬት። ቀጥሎ ያለው ቤት የቀደመውን ይደግፋል፦ 2ኛው አካልን የሚያቆየው ሀብት፣ 5ኛው ከሥሩ የሚበቅለው ልጅና ደስታ፣ 8ኛው የሌላው ሰው ገንዘብ፣ ዕዳና ውርስ፣ ሞትም፣ 11ኛው ስምን የሚያቆሙ ወዳጆችና ተስፋ። 3ኛውና 9ኛው የመንገድ ቤቶች ናቸው፤ አንዱ አጭሩ፣ ከወንድምና እህት፣ ከጎረቤት ጋር፤ ሌላው ረጅሙ፣ ከሃይማኖትና ከከፍተኛ ትምህርት ጋር።

ለምን 6፣ 8 እና 12 ከባድ ተባሉ የሚለው ጥያቄ መልስ አለው። አሴንዳንቱን በ60፣ በ90፣ በ120 ወይም በ180 ዲግሪ የሚያየው ቤት ከሰውየው ጋር ይነጋገራል ይባላል። ጣት ቆጥሮ ማረጋገጥ ይቻላል፦ 3ና 11፣ 4ና 10፣ 5ና 9፣ 7ም ያዩታል። 2፣ 6፣ 8ና 12 አያዩትም። 2ኛው የኑሮ መደገፊያ በመሆኑ ይለዝባል፤ ሌሎቹ ሦስቱ ግን ሰውየው በቀጥታ የማያያቸውና የማያዝባቸው ጉዳዮች ሆኑ፦ ሕመምና ድካም፣ የሌላ ሰው እጅ ያለበት ሀብት፣ መገለልና ስውር ነገር። ምክንያቱን ያወቀ ሰው «12ኛ ቤትህ ውስጥ ፕላኔት አለ» ብሎ ሰው አያስፈራራም።

ከሁሉ የሚበዛው ጥያቄ የባዶ ቤት ነው። «7ኛ ቤቴ ባዶ ነው፣ ትዳር የለኝም ማለት ነው?» ሒሳቡን እናድርገው። ፀሐይን፣ ጨረቃንና ፕሉቶን ጨምሮ ዐሥር የሰማይ አካላት አሉ፣ ቤቶቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ቤት ቢይዝ እንኳ ሁለት ባዶ ይቀራሉ። በተግባር ከዚያ ይበልጣል፤ ሜርኩሪ ከፀሐይ ከ28፣ ቬኑስ ከ48 ዲግሪ በላይ ስለማይርቁ ሦስቱ ብዙ ጊዜ ይጎራበታሉ። ባዶ ቤት የሌለው ሰው የለም። ቤት የሚነበበው ደፉ ላይ ካለው ምልክት ባለቤት ነው፤ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ፕላኔት እንግዳ ወይም ተከራይ ነው፣ ባለቤቱ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል።

ባለቤቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ሐመልና አቅራብ የማርስ፣ ሠውርና ሚዛን የቬኑስ፣ ጀውዛና ሰንቡላ የሜርኩሪ፣ ሸርጣን የጨረቃ፣ አሰድ የፀሐይ፣ ቀውስና ሑት የጁፒተር፣ ጀዲና ደለዊ የሳተርን። ዘመናዊ ኮከብ ቆጣሪዎች አቅራብን ለፕሉቶ፣ ደለዊን ለኡራኑስ፣ ሑትን ለኔፕቱን ይሰጣሉ። እኔ ለቤት ባለቤትነት አልጠቀምባቸውም። ኡራኑስ በአንድ ምልክት 7 ዓመት ገደማ፣ ኔፕቱን 14 ዓመት ገደማ ይቆያሉ፤ ፕሉቶም ከአሥር ዓመት በላይ። አንድ ትውልድ በሙሉ የሚጋራው ነገር የአንድን ሰው ቤት ለይቶ አይናገርም።

ወደ ምሳሌው ስንመለስ፣ 7ኛው ቤት ሑት ነው፣ ባለቤቱ ጁፒተር። ጁፒተር ሸርጣን ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ በትውፊቱ ከፍ የሚልበት፣ ማለትም የሚበረታበት፣ ምልክት ነው፤ የተቀመጠበትም 11ኛው፣ የወዳጆች ቤት። ንባቡ እንዲህ ይገጣጠማል፦ የትዳር ጉዳይ በወዳጅ፣ በማኅበር፣ በሚያስተዋውቅ ሰው በኩል ይመጣል፤ ባለቤቱም ጠንካራ ነው። ቤቱ ባዶ ሆኖ ይህን ያህል ተናገረ። 1ኛውና 10ኛው ማለትም ሰንቡላና ጀውዛ ሁለቱም የሜርኩሪ ናቸው፤ ሜርኩሪ ግን 12ኛው ውስጥ ነው። ሰውየውና ሥራው አንድ ላይ ከመጋረጃ በስተጀርባ ተቀምጠዋል። ይህን «ሥራ አያገኝም» ብሎ ማንበብ ስንፍና ነው። ምርምር፣ ጽሑፍ፣ ሆስፒታል፣ ቤተ መዛግብት፣ ስሙ ሳይጠራ የሚሠራው ሥራ ሁሉ እዚህ ይገባል። ሕመምና ሞትን በተመለከተ ግን ከቻርቱ ቤቶች ተነሥቼ ለማንም ፍርድ አልሰጥም፤ ያ የሐኪም ጉዳይ ነው።

ለሌላ ሰው ጉዳይ ቤትን መቁጠርም ይቻላል፤ እዚያ የሚሳሳተው ቆጠራው ነው። መነሻው ቤት ራሱ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። የትዳር ጓደኛ ገንዘብ ከ7ኛው ሁለተኛው ነው፦ 7 አንድ፣ 8 ሁለት። 9 ያለ ሰው መነሻውን ዘሎታል። የወንድም ሚስት ከ3ኛው ሰባተኛዋ ናት፣ 9ኛው ላይ ትውላለች። ከሁለት ዙር በላይ ግን አልቆጥርም፤ ከዚያ በኋላ ማንኛውም ቤት ማንንም መሆን ይጀምራል።

ማንበብ ከመጀመሬ በፊት ሰዓቱን 10 ደቂቃ ወደፊትና 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ገፍቼ ቻርቱን ሦስት ጊዜ አወጣለሁ። አሴንዳንቱ በየአቅጣጫው 2 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይንቀሳቀሳል። በምሳሌው 24 ዲግሪ ስለሆነ ከሰንቡላ አይወጣም፤ ቤቶቹ ባሉበት ይቆያሉ። 29 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ ግን 10 ደቂቃዋ አሥራ ሁለቱንም ቤቶች ትለውጥ ነበር። የተነገረኝ ሰዓት ድፍን ከሆነ፣ «ሁለት ሰዓት ላይ» ዓይነት ከሆነ፣ ግማሽ ሰዓት ወዲያና ወዲህ እገፋለሁ፤ እሱም 7 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። በሁሉም ያልተነቃነቁትን ቤቶች በቻርቱ ኅዳግ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ፣ የሚዋልሉትን በእርሳስ። ሰዓቱ ጨርሶ የማይታወቅ ከሆነ ቻርቱን የቀትር አድርጌ ምልክቶቹን ብቻ አነባለሁ፤ ቤቶቹን አልነካም።