እኔንም በ76 ሚሊዮን ያባርሩኝ

ዛሬ ድብርት ይዞኛል። ምክንያቱን አትጠይቁኝ። በረዶው ከትናንት ማታ ጀምሮ አላባራም። ሰማዩ አመድ መስሏል። ሺፍቱም ተሰርዟል። መልእክቱ ስልኬ ላይ ሲገባ በደስታ ዘለልኩ። ከዚያ የዛሬው ሂሳብ እንደሚቀር ትዝ ሲለኝ ደስታዬን ውኃ በላው። ሻይ አፍልቼ መስኮቱ ሥር ቁጭ አልኩ።

መጋዘን ውስጥ ሺፍታችንን የሚመራው ሰውዬ፣ ሊድ የምንለው፣ ለቋል። ለቀቀ ወይስ አስለቀቁት የሚለው በብሬክ ሰዓት ገና እየተጣራ ነው። ሐሙስ ዕለት አለቃዬ ጠራኝና ቦታውን እንድይዝለት ጠየቀኝ። በሰዓት አንድ ዶላር ከሃምሳ ጭማሪ አለው። ጭማሪውስ ባልከፋ። ግን ስካነር ሲሞት "ሊዱ የት አለ?"፣ ፓሌት ሲገለበጥ "ሊዱ የት አለ?"፣ ግማሹ ሰው ታምሜያለሁ ብሎ ሲቀርም "ሊዱ የት አለ?" ነው። ላስብበት ብዬው ወጣሁ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ጋሽ ወ.ን ነበር። ነገርኳቸው። ፎርክሊፍቱን አጠፉ፣ ጓንታቸውን አንድ በአንድ አወለቁ። "ስማኝ ልጄ፣ ደሞዙን ተወው። የበፊቱ ሰውዬ ለምን ሄደ? አንተንስ እስከ መቼ ይታገሱሃል? እሱን ጠይቅ" አሉኝ። ምክር ማለት ይሄ ነው ብዬ ላመሰግናቸው ስል፣ "ለዚህ እኮ ነው ብልጥ አሰልጣኝ ሉዊዚያና የማይሄደው!" ብለው ቀጠሉ። ጋሽ ወ. እንዲህ ናቸው። የልጃቸውን ሠርግ ጀምረውላችሁ ፉትቦል ላይ ነው የሚያርፉት።

ይኸው በሽታቸው ተጋብቶብኛል። ከሐሙስ ጀምሮ የማስበው ይሄንን ብቻ ነው፦ የኮሌጅ ፉትቦል አሰልጣኝነት ውስጥ ጥሩ ሥራ የሚባለው የትኛው ነው?

አገር ቤት ላላችሁ፣ የማወራው ስለዚያ ሞላላ ኳስ ነው። ሜዳ የሚገቡት ተማሪዎች ናቸው። የአሰልጣኙ ደሞዝ ግን የመምህር ደሞዝ እንዳይመስላችሁ። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ከመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ትልቁን ደሞዝ የሚወስደው አገረ ገዢው ሳይሆን የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ነው። የጆርጂያው ከርቢ ስማርት በዓመት 13 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ያገኛል። ጨዋታው ደግሞ ባብዛኛው በሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ነው።

እኛ ያለንበት የኦሃዮዋ ኮሎምበስ ደግሞ ከተማው ሁሉ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደጋፊ ነው። ስታዲየሙ ከ100 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። በኅዳር መጨረሻ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚጫወቱበት ሳምንት ሲደርስ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ በየምልክቱ ላይ ያለችውን "ኤም" የምትባል ፊደል በቀይ ፕላስተር ኤክስ ያደርጉባታል። የጠላት ፊደል ስለሆነች ነው። መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ክው ነው ያልኩት። የአዲስ አበባ ልጅ ግድግዳ ላይ ቀይ ኤክስ ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሕንፃው ሊፈርስ ነው ብዬ ሰው ሁሉ ተረጋግቶ ሲገባና ሲወጣ ገረመኝ።

ታዲያ ይሄ ሥራ ጥሩ ነው? ገንዘቡ አለ። ደጋፊው አለ። ኦሃዮ ራሷ ጎበዝ ልጆች የምታፈራ አገር ናት። ጋሽ ወ. ግን ይስቃሉ። ጆን ኩፐር የሚባል አሰልጣኝ እዚህ በ13 ዓመት 111 ጨዋታ አሸንፏል። ሚሺጋንን ግን ያሸነፈው ሁለቴ ብቻ ነው። አሥር ጊዜ ተሸንፎ አንዴ አቻ ወጣ። አሰናበቱት። የአሁኑ ራያን ዴይ 2024 ሲያልቅ 70 አሸንፎ የተሸነፈው 10 ብቻ ነበር። (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።) ችግሩ፣ ከአሥሩ አራቱ ሚሺጋን መሆናቸው። በኅዳር ወር እዚሁ ቤቱ 13 ለ 10 ሲሸነፍ፣ ጋሽ ወ. ብሬክ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ እየደበደቡ "ይባረር!" ያሉትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያው ሰውዬ የአገሪቱን ዋንጫ አነሳ። ጋሽ ወ.ም ቀዩን ሹራብ ለብሰው መጡ። ስለ ጠረጴዛው ማንም አላነሳባቸውም። ትልቅ ሰው ናቸው።

ድሮም እንዲሁ ነበር። በ1950 ልክ እንደዛሬው በረዶ ሲወርድ ኦሃዮ ስቴትና ሚሺጋን ተጫወቱ። ኳሱም መስመሩም አይታይም። ሚሺጋን 9 ለ 3 አሸነፈ። ያውም አንድ ጊዜ እንኳን አሥር ያርድ ወደፊት ሄዶ አዲስ ሙከራ ሳያገኝ! የኦሃዮ ስቴቱ አሰልጣኝ ዌስ ፌስለር ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ለቀቀ። ያኔ ቦታው "የአሰልጣኞች መቃብር" ይባል ነበር። በዓመቱ ዉዲ ሄይስ መጣና እዚያው መቃብር ላይ 28 ዓመት ተቀመጠ። እሱም የሄደው በ1978 የተጋጣሚ ቡድን ተጫዋች በቡጢ መትቶ ነው። በሰላም መውጣት የሚባል ነገር እዚህ ሠፈር ብዙም አይታወቅም።

ግን ቆይ። በሰላም አለመውጣትም ደረጃ አለው። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የሚባለው ዩኒቨርሲቲ በኅዳር 2023 ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት፣ ውሉ ስላላለቀ ከ76 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍለው ግድ ሆነበት። ላለመሥራት! ይሄን ዜና ያነበብኩ ቀን ሌላው ሁሉ ጠፍቶብኝ ነበር። እኛ ስንባረር ባጃችንንና ቬስታችንን መልሰን ነው የምንሄደው። ሰውዬው ግን ቤቱ ተቀምጦ ሚሊዮኑ በየዓመቱ እየመጣለት ነው። ስለዚህ የሥራ ጥሩነት መለኪያው አገባቡ ሳይሆን አወጣጡ ነው ብዬ ለጋሽ ወ. ነገርኳቸው። "አንተ ገና ሳትቀጠር መባረር ታስባለህ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ሉዊዚያና የሚሉትም ወደው አይደለም። ብራያን ኬሊ የሚባል አሰልጣኝ በ2021 ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲን ትቶ ወደ ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ኤል ኤስ ዩ ወደሚሉት፣ ሄደ። የአሥር ዓመት ውል፣ 95 ሚሊዮን ዶላር። እዚያ በደረሰ በቀናት ውስጥ ሕዝብ ፊት ቆሞ ሲናገር አንደበቱ እንደ ደቡብ ሰው ተጎተተ። ሰውዬው እኮ የቦስተን አካባቢ ልጅ ነው! ዲሲ ከገባ በሦስተኛ ወሩ አማርኛ የሚጠፋበትን ያንን ወዳጃችንን ነው ያስታወሰኝ። በጥቅምት 2025 አባረሩት፣ 54 ሚሊዮን አካባቢ ይከፈለዋል። ከዚያ አገረ ገዢው ተነስቶ፣ ቀጣዩን አሰልጣኝ የስፖርት ዳይሬክተሩ አይመርጥም ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ዳይሬክተሩም በቀናት ውስጥ ሄደ። እስቲ አስቡት። አለቃህ አለ፣ የአለቃህ አለቃ አለ፣ ገንዘብ የሚሰጡ የድሮ ተማሪዎች አሉ፣ አገረ ገዢውም አለ። አንድ ሰው ስንቱን ያስደስታል?

ሰው ግን ይሄዳል። ሌን ኪፊን የሚባል አሰልጣኝ የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲን፣ ኦል ሚስ የሚሉትን፣ ይዞ 11 ጨዋታ አሸንፎ አንድ ብቻ ተሸንፎ፣ ዋንጫው ውድድር ሊገባ ሲል ትቶት ወደዚያው ኤል ኤስ ዩ ሄደ። የተወው ቡድን ያለ እሱ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ኪፊን ምን ነክቶት ነው አልልም። በ2013 ካሊፎርኒያ ሲሠራ ከጨዋታ ተመልሶ ገና ኤርፖርት ሳለ ነው ያባረሩት። እንዲህ የተደረገ ሰው ጥሩ ነገር ሲያይ ቶሎ መነሳት ቢለምድ አልፈርድበትም።

ነብራስካስ? ይቺ ናት የምታሳዝነኝ። ከ1962 ጀምሮ ስታዲየሙ አንድም ጨዋታ ላይ ትኬት ተርፎት አያውቅም። ፍቅር ከዚህ በላይ የለም። ግን ዙሪያውን በቆሎ ነው። ምርጥ ምርጥ ልጆች የሚገኙት ፍሎሪዳ፣ ቴክሳስ፣ ጆርጂያ ነው፣ ሩቅ። በ2003 ፍራንክ ሶሊችን 9 አሸንፎ 3 ተሸንፎ አባረሩት፤ ለእኛ አይመጥንም ብለው። ከዚያ ወዲህ የሊጋቸውን ዋንጫ እንኳን አላነሱም። ጋሽ ወ. ይሄን ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጡ።

አሁን ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተገላብጧል። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋቾች ስማቸውንና ምስላቸውን ለማስታወቂያ እያዋሉ ገንዘብ ማግኘት ይችላሉ። ከ2025 ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ለስፖርተኞቻቸው ገንዘብ ማከፋፈል ተፈቅዶላቸዋል፤ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ያልተመቸው ልጅ ደግሞ ፖርታል የሚባለው የዝውውር መዝገብ ውስጥ ስሙን ያስገባና ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ሌላ ይሄዳል። ስለዚህ ዙሪያህ በቆሎ ቢሆንም፣ ኪስ ያለው ሰው ከኋላህ ካለ ልጆቹን ታመጣቸዋለህ።

እዚህ ላይ ነው ኢንዲያና የምትመጣው። ኢንዲያና የቅርጫት ኳስ አገር ናት። ፉትቦሏ መሳቂያ ነበር። እስከ 2024 ድረስ በታሪኳ በአንድ ዓመት 10 ጨዋታ አሸንፋ አታውቅም። በ2023 መጨረሻ ከርት ሲግኔቲ የሚባል የ62 ዓመት ሰው ቀጠረች። ሰውዬው ከዚያ በፊት አላባማ ነበር፣ በዋና አሰልጣኙ በኒክ ሴባን ሥር ረዳት ሆኖ። አላባማ ማለት ሁሉም የሚመኘው ቤት ነው። በ2011፣ ዕድሜው ሃምሳ ሊደፍን ሲል፣ ያንን ትቶ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ዋና አሰልጣኝ ሊሆን ሄደ። አባቱ ድሮ ያሠለጠኑበት ኮሌጅ ነው። ደሞዙም ከነበረው ያነሰ ነው።

ይሄ ቦታ ላይ ነው የምቆመው። የዚያን ቀን ማታ ሚስቱ ምን አለችው? ልጆቹስ? "የኔ ጌታ፣ ሁሉም ሊገባበት የሚጋፋበትን ቤት ትተህ የት ነው የምትወስደን?" ያላለችው ይመስላችኋል? የእኔዋ ብትሆን ሽማግሌ ትሰበስብ ነበር። ሰውዬው ግን ከትንሹ ወደ ትንሽ ከፍ ወዳለው፣ ከዚያም ወደ ሌላው እያለ ኢንዲያና ደረሰ። ገና እንደመጣ እንዴት ነው ልጆቹን የምታሳምናቸው ሲሉት "አሸንፋለሁ፤ ጉግል አድርጉኝ" አለ። እኔ እንዲህ ብል የሚወጣው የፌስቡክ ፎቶዬ ብቻ ነው።

ከዚያ ያያችሁት ነው። በ2025ቱ ውድድር 16 ተጫውቶ 16 አሸነፈ። መንገድ ላይ አላባማን ራሷን 38 ለ 3 ቀጣት። ያቺን የተዋትን! ሴባን በ2024 ጡረታ ከወጣ ወዲህ እዚያ ያለው ካለን ዲቦር ምንም ቢያደርግ ደጋፊው ከሴባን ጋር ነው የሚያስተያየው። ትልቅ ሰው የተነሳበት ወንበር ላይ መቀመጥ ይሄ ዕዳ አለበት። ሲግኔቲ የተቀመጠበት ወንበር ላይ ግን ከእሱ በፊት ማንም የሚናፈቅ ሰው አልነበረም። ፍጻሜው የጥምቀት ዕለት ማታ ነበር። ጋሽ ወ. በነጭ ልብሳቸው እንደሆኑ ሶፋዬ ላይ ተቀምጠው አዩት። ኢንዲያና ማያሚን 27 ለ 21 ስታሸንፍ አጨበጨቡ፣ ከዚያ ጎረቤታችን ጠላታችን መሆኗን አስታውሰው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ግን ነገ ሲግኔቲ ሲሄድ የሚተካው ሰውስ? ያኔ ኢንዲያና ጥሩ ሥራ ናት ወይስ መጥፎ? ገንዘብ አላት፣ ዋንጫ አላት። ግን የሚናፈቅ ሰውም አላት። ዘጠኝ አሸንፎ ሦስት የሚሸነፍ ሰው በድሮዋ ኢንዲያና ሐውልት ይቆምለት ነበር። ከዚህ በኋላ ምን እንደሚሉት እንጃ።

ይሄን ለመፍታት የመብራት ቢል የመጣበት ፖስታ ጀርባ ላይ ዝርዝር ጀመርኩ። ጆርጂያ 13 ሚሊዮን። ኦሃዮ ስቴት። ቴክሳስ። ነብራስካን ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ አዝኜላት መልሼ ጻፍኩ። ኢንዲያናን አንዴ ሁለተኛ፣ አንዴ ሰባተኛ እያደረግኩ ፖስታው ቀለም ብቻ ሆነ። ሻዩ በረዶ ሆኗል።

ሚስቴ ተነስታ መጣች። በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አየችው። "ይሄ ሁሉ ብር የማን ዕቁብ ነው?" አለችኝ። መልስ ሳልሰጣት ጣቷን አንደኛዋ ላይ አሳረፈች።

"ጆርጂያ የምትባለው ደግሞ ማናት?"

እኔም አላርፍ ብዬ፣ ጆርጂያስ ግልጽ ናት፣ ያስቸገረችኝ ኢንዲያና ናት አልኳት።