በገና ይዛችሁ አዳራሽ አትፈልጉ

ከማታ የበገና ክፍል የተዋወቅን ሰዎች ነን። ነርስ አለች፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር አሉ፤ በበገና የሚተዳደር ግን ከመካከላችን አንድም የለም። በጾመ ነቢያት አንድ ቀን ተሰብስበን ለመደርደር፣ መስማት ለሚፈልግም በራችንን ለመክፈት አሰብን። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ይህን የምጽፈው እኛ ያየነውን መጉላላት ሌላው እንዳያየው ነው፤ ያኔ አንድ ሰው «አዳራሹን ተዉት» ብሎን ቢሆን ኖሮ የጾሙ እኩሌታ በቢሮ ደጃፍ ባላለቀ ነበር።

መጀመሪያ ስለ ጊዜው። ለብዙ ሰው በገና ማለት ሁዳዴ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም፣ ታክሲው ሳይቀር በገና ያሰማል፤ ፋሲካ ሲደርስ ዝም ይላል። እኔ ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ያለውን ጾም አስበልጣለሁ። ነቢያት የጌታን መወለድ እየተጠባበቁ የጾሙትን አስበን የምንጾመው ነው፤ ዳዊትም ከነቢያቱ አንዱ ነው፣ በገናውም በስሙ ይጠራል። ለናፍቆት ዜማ ከዚህ የተሻለ ወቅት አላውቅም። ሌላም ምክንያት አለ። በሁዳዴ ጥሩ ጥሩ ደርዳሪዎች በየመድረኩ ስለሚጠሩ አይገኙም፤ በታኅሣሥ ግን ደህና መምህር ለምኖ ማምጣት ይቻላል።

ከገና በፊት ያሉት ሦስት እሑዶች ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ። ኖላዊን ያዙ። ብርሃን ከታኅሣሥ 19 ገብርኤል ጋር ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ቁልቢ ይወርዳል ወይም ለመውረድ ይሰናዳል። ሰዓቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ይሁን፤ ያስቀደሰው አርፎ ይመጣል፣ ሩቅ ያለውም ሳይመሽበት ይመለሳል። በገናው ቁመቱ ከአንድ ሜትር ስለሚበልጥ ሚኒባስ ላይ ወያላው የሁለት ሰው ሒሳብ ይጠይቃችኋል። ክፈሉ። ከላይ ከጭነት ጋር ግን አታስጭኑት፤ ታቅፋችሁት ሂዱ።

አሁን ወደ አዳራሹ ልምጣ።

የመረጥነው የመንግሥት አዳራሽ ነበር። ኪራዩ ከሆቴል ይረክሳል፣ የተሠራውም የአካባቢው ሰው እንዲገለገልበት ነው። ማመልከቻ ጻፍን፣ መዝገብ ቤት አስገባን፣ ቁጥር ተቀብለን ወጣን። በቀጠሮው ስንመለስ ባለሙያው ወረቀቱን ገለጥ አድርጎ እስከ መጨረሻው ያልለቀቀንን ጥያቄ ጠየቀን፦ «ይሄ ኮንሰርት ነው ወይስ ጉባኤ?»

ሁለቱም እንዳልሆነ አስረዳነው። መግቢያ አይከፈልም፣ ስብከትም የለውም፤ ሰዎች ተራ በተራ በገና ይደረድራሉ፣ ሌላው ይሰማል። «ዘፈን ነው?» አይደለም፣ መዝሙር ነው። «እንግዲያው ሃይማኖታዊ ነው፤ ተቋሙ ደብዳቤ ይጻፍላችሁ።»

ደብዳቤ ፍለጋ አንድ የቤተ ክህነት ጽሕፈት ቤት ሄድን። ያነጋገሩን አባት ትሑት ሰው ናቸው፣ ይህን አልክድም። በየትኛው ሰንበት ትምህርት ቤት ሥር እንደሆንን ጠየቁን። ከተለያየ ደብር ነን፣ የተመዘገበ ማኅበርም የለንም። «ልጆቼ፣ ስም የሌለውን ስብስብ በምን ላይ ቆሜ ልመስክርለት?» አሉ። ደግሞም ማኅሌቱ በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ነው፤ በገና በቤተ መቅደሱ ሥርዓት ውስጥ አይገባም። «አገልግሎት ከሆነ በየደብራችሁ አገልግሉ፣ ዝግጅት ከሆነ ባህል ቢሮ ሂዱ» ብለው መርቀው ሸኙን። የባህል ጽሕፈት ቤቷ ሠራተኛ ደግሞ «በገና» የሚለውን ቃል ስታይ ወረቀቱን ሳትጨርሰው መለሰችልን፦ «ይሄማ መንፈሳዊ ነው፣ እኛን አይመለከትም።»

እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይህ ነው። በገና ዱሮም ቦታው ቤት ነው። መኳንንቱም ካህናቱም፣ እቴጌ ጣይቱም ሳይቀሩ፣ ለራሳቸው ጸሎትና ተመስጦ የደረደሩት ነው። ቅዳሴ አይደለም፣ መዝናኛም አይደለም። አንድ አገር በዚህ መሣሪያ ይኮራል፣ ፎቶውን በየብሮሹሩ ያትማል፤ የአገሩ ቢሮ ግን እሱን የሚያስገባበት መዝገብ የለውም። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በገና ከሬዲዮ እንዲጠፋ ሲደረግ፣ ዓለሙ አጋ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተምሩት የነበረው ክፍልም ሲቋረጥ፣ ምክንያቱ ቢያንስ ግልጽ ነበር፤ ሃይማኖት ነው ተባለ። አሁን ማንም አልከለከለንም። ማንም ደግሞ የእኔ ነው አላለንም።

በዚህ መካከል አንድ ጥበቃ፣ ስንመላለስ አይተው ያዘኑልን፣ «የባህል ሙዚቃ መሣሪያ ትርኢት ብላችሁ ጻፉ፣ ያልፋል» ብለው መከሩን። ጻፍን። አለፈ። ጸሎትን «ትርኢት» ብሎ ካላስጻፈ በቀር የማይፈርም አሠራር አሁንም ያንገበግበኛል። ከፊርማው ጋርም ግዴታ መጣ፦ የሚቀርቡት ግጥሞች በሙሉ ተጽፈው ይያያዙ። ይህን ለመምህራችን ስንነግራቸው ዝም ብለው አዩን። እሳቸው ግጥም ጽፈው አያውቁም። በገናውን ይቃኛሉ፣ ይቀመጣሉ፤ ስለ ሞት፣ ስለ ዓለም ከንቱነት፣ ስለ እመቤታችን ሰሙም ወርቁም ያኔ ይመጣል። የዛሬ ሳምንት ምን እንደሚሉ ዛሬ እንዲያውቁ የሚጠይቅ ሰው በገና ሲደረደር ተቀምጦ ሰምቶ አያውቅም። የምናስታውሰውን ያህል እኛው ጽፈን አያያዝን፣ ማኅተም ተመታበት።

የድምፅ ሙከራው ቀን የባሰው መጣ። አዳራሹ ያለ ማይክሮፎን አይከራይም፤ ባለሙያውም አብሮ የሚከፈለው ነው። እዚህ ላይ በገናን በቅርብ ላላየ ሰው ላስረዳ። ከገበቴው በላይ በርኩማ አለ፤ አሥሩም አውታር በእሱ ላይ ያልፋል። በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል እንዝራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። እንዝራዋን በጣት ጫፍ ገፋ፣ ሳብ ሲያደርጓት አንድ ቦታ ላይ አውታሩ እንደ ንብ ያንዛርራል። የበገና ድምፅ ያ ነው። ከዚያች ነጥብ የፀጉር ያህል ብትርቅ ድምፁ ደረቅ የአንጀት ገመድ ብቻ ይሆናል። መምህራችን አሥሩን እንዝራ እያስተካከሉ ብዙ ቆዩ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን አውታር ነኩ።

ባለሙያው ዘሎ ተነሳ። «ገመዱ ተበላሽቷል!» ገመዱን ቀየረ፣ ማይክሮፎኑን ቀየረ፣ ሚክሰሩ ላይ አንዱን ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች አደረገ። መንዛረሩ የመሣሪያው ድምፅ እንደሆነ ነገርነው፤ «ይሄ ኖይዝ ነው፣ የሰው ጆሮ ያማል» ብሎ አልሰማም። በመጨረሻ ከድምፅ ማጉያው የወጣው ነገር ክራር ቢሉት ይቀላል። መንዛረሩ የለም፣ ወፍራሙም ድምፅ የለም። መምህራችን ምንም አልተናገሩም፤ በገናቸውን ከረጢቱ ውስጥ ሲከቱ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሰው በዚያ መድረክ ላይ አስቀምጦ «አባባ፣ ትንሽ ጮክ በሉ» ያለበትን ድምፅ እስካሁን አልረሳሁትም።

ዓርብ ዕለት ስልክ ተደወለ። አዳራሹ ለአስቸኳይ ስብሰባ ተይዟል። ደብዳቤያችን፣ ማኅተሙ፣ ደረሰኙ በእጃችን እንዳለ ነገርናቸው። «የበላይ አካል ነው፣ ምን እናድርግ?» ቅድመ ክፍያው «በፋይናንስ በኩል ይመለሳል» ተባለ፤ ሲመለስ ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር።

ያዳነችን የነርሷ አክስት ናት። ነገሩን ስትሰማ «እኔ ሳሎን እያለኝ እናንተ አዳራሽ ለአዳራሽ ትንከራተታላችሁ?» አለች። ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፋን፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍና ፍራሽ ዘረጋን፣ ለደርዳሪው አንድ ዱካ መካከል ላይ አስቀመጥን። ማይክሮፎን የለም። ሰው በሳሎኑ፣ በኮሪደሩ፣ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። መምህራችን የመጀመሪያውን አውታር ሲነኩ መንዛረሩ በወለሉ በኩል እስከ ተቀመጥንበት ድረስ መጣ። የበገና ድምፅ ራሱ ዝግ ያለ ነው፤ የደርዳሪውም ድምፅ ከንግግር አይበልጥም። ሰሚው ተጠግቶ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ እንዲሰማው የተሠራ መሣሪያ ነው፤ ሦስት መቶ ወንበር ያለው አዳራሽ ቢሰጠን ኖሮ እንኳ ያንን አናገኝም ነበር።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፣ ቢሮው ቢከፋውም። በየቢሮው የነገሩን ለማንኛውም መሰባሰብ ፈቃድ አውጡ ነው። እኔ የምላችሁ በቤታችሁ ተሰብሰቡ ነው። ጽዋ ማኅበር ሲወጣ ማን ማመልከቻ ያስገባል? ለጎረቤት ቀድማችሁ ንገሩ፣ ከቻላችሁም ጋብዙ፤ በር ላይ የሚቆለለው ጫማ እንዳያስደነግጣቸው። ትኬት አትሽጡ፣ ባነር አትስቀሉ። ሰው ከበዛ ሌላ ቤት ክፈቱ እንጂ ትልቅ ቦታ አትፈልጉ።

ሌላው ከብዙ አስተማሪዎች ጋር የማልስማማበት ነገር ቅኝት ነው። አሁን አሁን ተማሪው ሁሉ በስልክ መቃኛ በአንድ ልክ ተቃኝቶ፣ ሃያ በገና በአንድ ላይ እንዲደረድር ይደረጋል። ለመድረክ ያምራል። ነገር ግን በገና ለደርዳሪው ድምፅ ነው የሚቃኘው፤ የወፍራም ድምፅ ሰው በገናና የቀጭን ድምፅ ሴት በገና አንድ ላይ ሲታሰሩ ሁለቱም ይጨነቃሉ። እኛ ተራ በተራ ነው የደረደርነው። ጀማሪ አንድ አጭር መዝሙር፣ የበሰለው ሁለት። ትዝታ የተቃኘው ከትዝታው፣ አንቺ ሆዬ የተቃኘው ከአንቺ ሆዬው ጋር ይከታተል፤ የሰሚው ጆሮ አይናወጥም። በመካከል የሚቃኝ ሰው ሲኖር ዝም ብላችሁ ጠብቁት፤ ያንን ዝምታ በወሬ አትሙሉት።

በታኅሣሥ ጠዋት ብርድ፣ ቀን ፀሐይ ነው፤ ቆዳውም አውታሩም ይህን ያውቁታል። ከውጭ የገባ በገና ሰው በሞላበት ክፍል ውስጥ ቅኝቱ ይሸሻል። ሁሉም ከሰዓቱ ቀደም ብሎ ይምጣ፣ በገናውን ከከረጢት አውጥቶ ያስቀምጥ፣ ከዚያ ይቃኝ። ናይለን አውታር ያለው ብዙም አይቸገርም፤ የበግ አንጀት ያለው ግን መለዋወጫ ይያዝ። የእኛ የባንክ ሠራተኛ አውታር በመዝሙሩ መካከል ተበጠሰ፤ ከማይደረደሩትና ጣት ከሚያርፍባቸው አንዱ ስለነበር ሳያቋርጥ ጨረሰ።

የሒሳብ መምህሩ በክፍል ውስጥ በሰው ፊት ደርድረው አያውቁም ነበር። የዚያን ቀን መጨረሻ ላይ «እስቲ እኔም ልሞክር» ብለው ዱካው ላይ ተቀመጡ፣ አንድ ሙሉ መዝሙር ደረደሩ። አዳራሹ ውስጥ ቢሆን እንደማይነሡ እርግጠኛ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ንፍሮ፣ ዳቦ፣ ሽሮ፣ ሻይ፤ ጾም ስለሆነ አስተናጋጇም አትጨነቅም። ለመምህራችሁ የመጓጓዣና የድካም ክፍያ በፖስታ አድርጋችሁ ስጡ፤ «መንፈሳዊ ነው» እየተባለ በነፃ የሚጠሩት ሽማግሌዎች በገና ለማሠሪያም ለኑሮም ገንዘብ ያስፈልጋቸዋል። እኛ የሰበሰብነው ለአዳራሹ ልንከፍል ከነበረው ያነሰ ነበር፤ ከእሱ ላይ ተርፎ ለአንዲት ተማሪ አዲስ አውታር ተገዛላት። ዘንድሮ ሁለት ቤት እንከፍታለን፤ አንዱ ኖላዊ እሑድ፣ ሌላው ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ለጀማሪዎች ብቻ። ከአዳራሹ የመጣ ሰው ደውሎ «ዘንድሮስ አታመለክቱም?» ብሎን ነበር፤ አላመለከትንም።