ቀይ ክርን

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ሲለው ዋለ። መ. አዲሱን ቲቪ «እመጣና አብረን እንገጥመዋለን» ብላኝ ነበር፤ አልመጣችም። አልደወልኩላትም። እሷም አልደወለችም። ቲቪው ከነካርቶኑ ግድግዳ ተደግፎ ሦስት ቀን ሲያፈጥብኝ ከረመ። ማታ ላይ «ደግሞ ለዚህ!» ብዬ ካቻቢቴ አነሳሁ።

አሮጌው ቲቪ ሞቷል፤ እንዴት እንደሞተ አላወራም።

እግሮቹን መግጠም ቀላል ነበር። የግራውን በቀኝ በኩል አስሬ እንደገና መፍታቴን ካልቆጠርነው። ጣጣው የመጣው ሲከፈት ነው። ሥራ ልቀጠር የሄድኩ ይመስል ጥያቄ በጥያቄ ላይ። ቋንቋ? አገር? ቤት ነው ሱቅ? በችኮላ ሱቅ የሚለውን ነካሁ መሰለኝ፣ ስክሪኑ እንደ ብየዳ ቦግ አለ። የሱቅ ሞድ የሚባለው መብራት በሞላበት አዳራሽ ውስጥ ከጎረቤት ቲቪዎች ጋር እንዲፎካከር ነው የተሠራው። ብርሃኑንም ቀለሙንም ጥግ ያደርሰዋል። ብትቀንሱት እንኳ ትንሽ ቆይቶ ወደ አመሉ ይመለሳል። መልሼ ቤት እስካደርገው ዓይኔ ጠፋ።

ቀጥሎ ዋይፋይ። የይለፍ ቃሌን አንድ ቀን በሪሞት ቀስት ፊደል በፊደል እየዘለልኩ እንደምጽፈው ባውቅ ኖሮ ያን ያህል አላረዝመውም ነበር።

ከዚያ ውል። ማንም የማያነበውን እኔ ዛሬ አነበብኩት። ያኮረፈ ሰው ጊዜ አለው። ወደ ታች ስወርድ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሁሉ እየለየ ወደ አምራቹ እንዲልክ «ይፍቀዱ» ይለኛል። ለኔ የሚሆን ማስታወቂያ ለመምረጥ ነው አሉ። ምልክቷን አነሳኋት። ማታ ማታ ምን እንደማይ የሚጠይቀኝ ቢኖር አልጠላም፤ ግን እንዲህ አይደለም።

አፖቹ እየወረዱ እያለ የምሞክርበት ምስል አጣሁ። መሳቢያ ውስጥ ያለችው ፍላሽ ትዝ አለችኝ። እህቴ የድሮ ካሴቶቻችንን ያስገለበጠችባት። አባዬ ካረፈ ወዲህ አልነካኋትም። ዛሬም ለትዝታ ብዬ አይደለም የሰካኋት፤ ቀለም ላስተካክል ብዬ ነው። በነገራችን ላይ ይህን ስጽፍ ራሴም አላመንኩትም።

የከፈትኩት የእህቴን ልደት ነው። አባዬ ሻማ ይዞ ገባ። ወፍሯል! ያ ቀጭን ሰውዬ ቦርጭ አውጥቷል። የካሴቱ ምስል ወርዱ ለቁመቱ 4 ለ 3 ነው፤ ስክሪኑ 16 ለ 9። ቲቪው ጎኑ ባዶ እንዳይቀር ሁሉን ሰው በሲሶ አስፍቶታል። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ «ትንሽ እንኳ ብትወፍር» ስትለው የኖረችው ነገር በአንድ ሴቲንግ ተሳካ። ፎቶ አንስቼ ልልክላት ነበር፤ ተውኩት።

ደግሞ ሁሉም የሚሄደው እንደ ቅባት እየተንሸራተተ ነው። ካሴቱ በሰከንድ 25 ምስል ነው ያለው። ቲቪው ያ አይበቃውም፣ በሁለት ምስሎች መሃል ያልተቀረጸ ምስል ገምቶ ይሰካበታል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ቶም ክሩዝ ራሱ ከአንድ ዳይሬክተር ጋር ቆሞ ይህን ነገር እንድናጠፋ በቪዲዮ ተማጽኖ ነበር። እሱ የተጨነቀው ለፊልሞቹ ነው። እኔ ደግሞ አባዬ ያልተራመደውን እርምጃ ሲራመድ እያየሁ ነው። ማጥፊያው የት እንዳለ አውቀዋለሁ። ትንሽ ዘገየሁ።

የምስሉን ስፋት «ኦሪጅናል» የሚለው ላይ ሳደርገው አባዬ ከሳ። ጎንና ጎኑ ጠቆረ። ከታች ድሮ አይተነው የማናውቀው የምትንቀጠቀጥ ቀጭን መስመር ወጣች። ይኼኔ ነው በግራ ጠርዝ በኩል ያየሁት።

ክርን። በቀይ ሹራብ እጅጌ ውስጥ ያለ የልጅ ክርን።

አሁን የቤታችንን ታሪክ ማስታወስ አለባችሁ። በዚያ ልደት ቪዲዮ ውስጥ እኔ የለሁም። ለምን የለሁም? አኩርፌ መኝታ ቤት ተደብቄ ስለነበር። ይኼ በየበዓሉ፣ በየሰው ፊት ሲነገር ኖሯል። «ይቺ እኮ በእህቷ ልደት ቀን…» ተብሎ ይጀመራል። ስድስት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በኋላ የቤቱ አኩራፊ እኔ ሆንኩ። ዝም ካልኩ አኩርፌ ነው፣ ካልበላሁ አኩርፌ ነው፣ እንቅልፍ ከወሰደኝም አኩርፌ ነው። ትንሽ ቆይቼ እኔም አመንኩት። መ. ዛሬ ያልደወለችውም ይህንኑ ስለምታውቅ ይመስለኛል።

ቀይ ሹራብ ደግሞ ነበረኝ።

እንዴት ነው እስከዛሬ ያላየነው? ኦቨርስካን የሚባል ነገር አለ። የድሮዎቹ ባለ ቱቦ ቲቪዎች የምስሉን ጠርዝ ቀጥ አድርገው መያዝ ስለማይችሉ ምስሉን ከመስታወቱ ትንሽ አስበልጠው ነበር የሚያወጡት። ከየጎኑ 5 በመቶ ገደማ ከመስታወቱ ውጭ ይቀራል። ቪዲዮው 720 ነጥብ (ፒክስል) ነው ወደ ጎን፤ 5 በመቶው 36 ነጥብ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ 36 ነጥብ ውስጥ ቆሜ ነበር ማለት ነው። በአጎቴ ካሜራ ውስጥ አለሁ፣ በካሴቱ ውስጥ አለሁ፣ እኛ ቤት ሲደርስ የለሁም።

ቻናል መሙላቱን እርሱት። አፖቹ ወርደው ጨርሰዋል መሰለኝ፣ ዞር ብዬ አላየሁም። ምስሉን አቁሜ ሪሞቱን ይዤ መርማሪ ሆንኩ። መጀመሪያ ሻርፕነስ የሚለውን 100 አደረስኩት። ክርኑ ዙሪያ ነጭ መስመር ወጣ፤ መልአክ መሰለ። ሻርፕነስ እኮ ምስሉ ውስጥ የሌለ ዝርዝር አያመጣም፣ ጠርዝ ብቻ ነው የሚያደምቀው። ወደ ዜሮ መለስኩት። ከዚያ ብርሃን ጨመርኩ፤ ሹራቡ ብርቱካን ሆነ። ሲኒማ ሞድ አደረግኩት፤ ክፍሉን ሁሉ ቢጫ ቀባው፣ ዓይኔ እስኪለምደው ጠበቅኩ። አሁን ቡናማ ነው። በቪቪድ ቀይ፣ በስታንዳርድ ሮዝ ቢጤ። ማስረጃዬ በየሞዱ ቃሉን ይቀይራል።

ደግሞ ቁጥሩን ሳስበው ፈራሁ። ፋይሉ 720 በ576 ነጥብ ነው፣ ስክሪኑ ደግሞ ፎርኬ የሚባለው፣ ነጥቡ እጅግ የበዛ። ከማያቸው 15 ነጥቦች እውነተኛዋ አንዷ ናት፤ ሌሎቹን 14ቱን ቲቪው ከአጠገብ እያየ ገምቶ የሞላቸው ናቸው። እንግዲህ ክርኑን ያየሁት እኔ ነኝ ወይስ የገመተልኝ እሱ ነው? ላፕቶፑ ላይ ከፍቼ ላረጋግጥ እችል ነበር። አላደረግኩም። ለምን እንዳላደረግኩ አትጠይቁኝ።

ለእህቴ ፎቶውን ላክሁላት። «ምንድን ነው ይሄ፣ ቲማቲም?» ብላ መለሰች። ክርን ነው አልኳት። «የማን?» የኔ ነዋ! ሦስት የሳቅ ምልክት ላከች፤ ከዚያ ተኛች መሰለኝ ጠፋች።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ እማዬ ጋ ደወልኩ።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። እማዬ፣ የእህቴ ልደት ቀን እኔ ሳሎን ነበርኩ እንዴ?»

«የቱ ልደት?»

«ቪዲዮ የተነሳንበት።»

«አንቺማ አኩርፈሽ መኝታ ቤት…»

«እሱን ተይው! ከግራ በኩል፣ በሩ ጋ፣ ቀይ ሹራብ የለበሰ ሰው ይታያል።»

ዝም አለች። ስታስብ ሰማኋት።

«መጋረጃው ነዋ» አለች። «ቀይ መጋረጃ አልነበረንም እንዴ በሩ ጋ?»

«መጋረጃ ክርን አለው ወይ እማዬ?»

«አንቺ ልጅ፣ በዚህ ሌሊት ለዚህ ብለሽ ነው የደወልሽው?» ደግሞ ትንሽ ዝም አለች። «አሁን አኮረፍሽ አይደል?»

አላኮረፍኩም አልኩና ስልኩን ዘጋሁባት።