ከረንት መጨመር አረንጓዴውን ሌዘር ለምን አያበረታውም?

ደብረ ብርሃን ላይ የሠራሁበት ሌዘር በ808 ናኖሜትር ዳዮድ (በከረንት ብርሃን የሚያወጣ ቁራጭ) የሚነዳ ኒዮዲሚየም-ያግ (የዳዮዱን ብርሃን መጦ ሌዘር የሚያመነጭ ክሪስታል) ነው። ብርሃኑን ፐልስ (አጭር ብልጭታ) የሚያደርገው ክሮሚየም-ያግ፣ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ክሪስታል፣ ነው፤ የሚወጣውን የማይታይ 1064 ናኖሜትር ኢንፍራሬድ ደግሞ ከካቪቲው (ብርሃኑ ከሚመላለስበት የመስታወቶች መሃል) ውጭ የተቀመጠ 5 ሚሊሜትር ኬቲፒ ክሪስታል ወደ አረንጓዴው 532 ይቀይረዋል። ስጀምር ኢንፍራሬዱ 1 ዋት፣ አረንጓዴው 0.1 ዋት ነበር።

መጀመሪያ የዳዮዱን ከረንት ጨመርኩ። ኢንፍራሬዱ ጨመረ፤ የቅየራው መጠን ግን ከ10 በመቶ አልተነቃነቀም። ነገሩ የገባኝ ፈጣን ፎቶዳዮድ (የብርሃን መለኪያ) ፐልሱን በስክሪን ከሚያሳይ ኦሲሎስኮፕ ጋር ሳገናኝ ነው። ክሮሚየም-ያግ የሚከፈተው በያጉ ውስጥ የተጠራቀመው ኢነርጂ የተወሰነ ልክ ሲደርስ ነው። ከረንት ሲጨመር ልኩ ቶሎ ይሞላል፤ ስለዚህ ፐልሱ ይበዛል እንጂ አይበረታም። ኬቲፒ ደግሞ የሚፈልገው የእያንዳንዱን ፐልስ ብርታት ነው፤ ቅየራው ገና ዝቅተኛ ሳለ 1064ቱ ሁለት እጥፍ ሲበረታ አረንጓዴው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል።

በሰከንድ 5,000 ፐልስ፣ እያንዳንዱ 0.2 ሚሊጁል፣ ስፋቱ (የሚቆይበት ጊዜ) 20 ናኖሰከንድ፤ ፒክ ፓወሩ (የፐልሱ ከፍተኛ ኃይል) 10 ኪሎዋት መሆኑ ነው። 90 በመቶ የሚያሳልፈውን ክሮሚየም-ያግ አውጥቼ 80 በመቶ የሚያሳልፍ አስገባሁ፤ ካቪቲውንም ከ10 ወደ 5 ሴንቲሜትር አሳጠርኩት። ኢንፍራሬዱ ወደ 0.85 ዋት ወረደ፣ ፐልሱ ወደ 2,000 ቀነሰ፣ ስፋቱ ግን 7 ናኖሰከንድ ሆነ። ፒኩ 60 ኪሎዋት ደረሰ፤ አረንጓዴውም 0.36 ዋት። የኢንፍራሬዱ አማካይ ዋት ሲወርድ አይታችሁ እንዳትደናገጡ።

ከዚህ በላይ ለማግኘት ጨረሩን በሌንስ እጅግ ማጥበብ ያጓጓል። እኔ ክሪስታሉ ላይ በ0.25 ሚሊሜትር ዲያሜትር አቁሜዋለሁ፤ መሃሉ ላይ በካሬ ሴንቲሜትር 250 ሜጋዋት ገደማ ይሆናል። ከዚያ ካለፈ ቀድሞ የሚቃጠለው የክሪስታሉ ፊት ነው። አቧራ ካለ ደግሞ ከዚህ በታችም ይቃጠላል፤ ስለዚህ በንጹህ አሴቶንና በሌንስ ወረቀት፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ጠርጎ ወረቀቱን መጣል ነው።

ፖላራይዜሽኑ (የብርሃኑ ሞገድ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ) ለክሪስታሉ ዘንግ በ45 ዲግሪ መቆም አለበት። የግማሽ ሞገድ ፕሌት (ፖላራይዜሽኑን የሚያዞር ስስ ቁራጭ) ከክሪስታሉ በፊት አድርጉ፤ ፕሌቱ 1 ዲግሪ ሲዞር ፖላራይዜሽኑ 2 ይዞራልና በጣም በቀስታ።

የደብረ ብርሃን ብርድ የራሱ ጣጣ አለው። የዳዮድ የሞገድ ርዝመት በአንድ ዲግሪ 0.3 ናኖሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል። ውርጭ ባለበት ማለዳ ክፍሉ 10 ዲግሪ ሲሆን፣ በ25 የተስተካከለ ዳዮድ 4.5 ናኖሜትር ወርዶ ያጉ ከሚመጠው መስመር ይወጣል። ቀን ላይ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቬንቲሌተሩ በቆላ እንደሚያቀዘቅዘው አያቀዘቅዝም። ዳዮዱን በፔልቲየር (በከረንት የሚያቀዘቅዝና የሚያሞቅ ቁራጭ) 25 ዲግሪ ላይ ካቆምኩት ወዲህ የማለዳውና የቀትሩ ንባብ ተቀራረበ።

ንባቡን ለማመን ግን ፓወር ሜትሩ ፊት 1064ቱን የሚለይ መስታወት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሳይቀየር የቀረው ኢንፍራሬድ አረንጓዴ ተብሎ ይቆጠራል። መነጽራችሁም ለሁለቱም ሞገድ መሆን አለበት፤ 532ን ብቻ የሚከለክለው የማይታየውን 1064 ወደ ዓይን ያሳልፋል።

ኬቲፒው ለሰዓታት ሲሠራ ጨረሩ በሄደበት መስመር ግራጫ ጥላ ያወጣል፤ አረንጓዴውም ቀስ እያለ ይወርዳል። በትንሽ ማሞቂያ 80 ዲግሪ ላይ አቆየሁት፤ ጥላው ቀነሰ፣ የማለዳው ጤዛም ክሪስታሉ ላይ መቀመጥ ተወ። ከሞቀ በኋላ የክሪስታሉ ማዕዘን ትንሽ ስለሚዛባ እንደገና ማስተካከል የግድ ነው።