የጎጃም ሞክሼዎች፦ እስካሁን የደረስንበት

በታሪክ አንድ ስም የሚጋሩ ሰዎች እንዳይምታቱብን ለእያንዳንዳቸው ካርድ እያዘጋጀን ነው። የተክለ ሃይማኖቶቹ ካርድ አምስት ደርሷል። ማዕረጉ ሥራውን ያቀላል እንጂ አይጨርሰውም። «አቡነ» ሲባል የደብረ ሊባኖሱ ጻድቅም አሉ፣ ሦስተኛው ፓትርያርክም (1968-1980 ዓ.ም.)። «አፄ» የተባሉትም ሁለት ናቸው፦ በአባታቸው በአድያም ሰገድ ኢያሱ መገደል «ርጉም» የተባሉት (1698-1700 ዓ.ም.)፣ እና ጄምስ ብሩስ ጎንደር ሲገባ ዙፋኑ ላይ የነበሩት (1762-1769 ዓ.ም.)።

ወጥመዱ እዚህ ሁለተኛው ላይ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር የነገሡት በ1769 ነው፤ በእኛ ደግሞ ንግሥናቸው ያበቃው በ1769። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ስምንቱ ዓመት ካርዱ ላይ ድራሹ ይጠፋል። ከዓመቱ ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳይጻፍ ካርዱ አይዘጋ። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ 7፣ ከዚያ ወዲህ 8 ነው። ወሩ ካልታወቀ እንደተገኘ ይቀመጥ።

የእኛው ንጉሥ፣ የጎጃሙ ተክለ ሃይማኖት፣ ጣጣቸው ሌላ ነው። አፄ ዮሐንስ በጥር 1873 ዓ.ም. የጎጃምና የከፋ ንጉሥ እስኪያደርጓቸው ድረስ ራስ አዳል ተሰማ ነበሩ። የ1870ን ጉዳይ በ«ተክለ ሃይማኖት» የሚፈልግ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ «አዳል» ብሎ ይፈልግ። ከተማቸው ደብረ ማርቆስም በጥንት ስሟ መንቆረር ናት። ማመሳከሪያ፦ የእምባቦ ጦርነት 1874፣ ዐድዋ 1888፣ ዕረፍታቸው 1893 ዓ.ም.።

የሚያናድደው ኃይሉ ነው። ራስ ኃይሉ ዮሴዴቅ በዘመን ይለያሉ። ልዑል ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትና ራስ ኃይሉ በለው ግን አጎትና የወንድም ልጅ ናቸው፤ አገራቸውም ጎጃም፣ ዘመናቸውም አንድ። በጠላት ጊዜ አጎትየው ለጣሊያን ሲያድሩ የወንድማቸው ልጅ አርበኛ ሆኑ። የአባት ስም ከተዘለለ የአንዱ ሥራ በሌላው ላይ ይለጠፋል። በዚያ ዘመን ወረቀት «ራስ ኃይሉ» አጎትየው ናቸው፤ «ልጅ ኃይሉ» የተባሉት የበለው ልጅ ናቸው፣ ራስነቱ በኋላ ነው የመጣላቸው። ስለዚህ ማዕረግ ያለ ዓመት አይመዝገብ።

ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ስትፈልጉ ኃይሉን፣ ኀይሉን፣ ሃይሉን፣ ሀይሉን፣ ሐይሉን ለየብቻ ጻፉ። ተክለ ሃይማኖትንም ተለያይቶ፣ ተጣብቆ፣ «ተ/ሃይማኖት» ተብሎም። አሰልቺ ነው፤ ግን አንድ ፊደል ስንት ገጽ ይደብቃል!

ቀጣዩ ካሳ ነው። ካሳ ኃይሉና ካሳ ምርጫ ሁለቱም ስለነገሡ የፈረስ ስም መዝግቡ፦ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ።