ካሜራው መጀመሪያ የያዘው እኔን ነው

ሰውዬው የተቀመጠው ልክ ከጀርባዬ ነበር።

ታክሲ የነዳ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል። ብቻውን የሚሳፈር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሾፌሩ በሰያፍ ባለው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። እዚያ ሲሆን በስፖኪዮ አየዋለሁ። ስልኩን ሲያወጣ፣ ሲያዛጋ፣ ኪሱን ሲዳብስ ይታየኛል። ልክ ከጀርባዬ ሲሆን ግን የሚታየኝ የግንባሩ ጫፍ ብቻ ነው። እጁ የት እንዳለ አላውቅም።

እኩለ ሌሊት አልፏል። «እዚህ ጋ ወደ ውስጥ ግባልኝ» አለኝ። ገባሁ። «ትንሽ ወደፊት» አለኝ። ትንሽ ወደፊት ሄድኩ። መብራት የለም። ፍሬን ስይዝ ክንዱ አንገቴ ላይ ነበር። «ማጅራት መቺ» የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ምን ያህል ልክ የሆነ ቃል እንደሆነ የገባኝ ያን ሌሊት ነው።

የወንበሬ ራስ መደገፊያ መሃል ስለገባበት ክንዱ በደንብ አልዞረብኝም። ያተረፈኝ እሱ ነው፤ ጀግንነት የሚባል ነገር አልነበረም። የዕለቱን ገቢ፣ ስልኬን፣ መንጃ ፈቃዴ ያለበትን ቦርሳ፣ ያለኝን ሁሉ ሰጠሁት። በሩን ከፍቶ ወረደና ሄደ። አልሮጠም እንኳ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ፖሊስ ጣቢያ መርማሪው «መልኩ እንዴት ነው?» አለኝ። «ግንባሩ…» ብዬ ጀመርኩና ዝም አልኩ። ከሰውዬው ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል ተጉዘናል። ስለ ኑሮ አውርተናል፣ ስቀናልም። መልኩን ግን አላውቀውም።

በሳምንቱ ካሜራ ገዛሁ።

ስለ ሥራችን አደገኛነት ስናወራ አጋነናችሁ የሚሉን አሉ። ተሳፋሪ ስጠብቅ ማንበብ እወዳለሁና አንድ ነገር አገኘሁ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም በፈረንጆቹ 1996 ያወጣው ጽሑፍ ነው። ከ1990 እስከ 1992 ባሉት ዓመታት በዚያ አገር በታክሲ ሥራ ላይ ካሉት ከ100,000 ሰዎች በዓመት 41.4 ያህሉ በሥራቸው ላይ ተገድለዋል። የሁሉም ሠራተኛ አማካይ 0.7 ነበር። ወደ 60 እጥፍ ማለት ነው። ዘመኑ ቢርቅም ምክንያቶቹ ዛሬም ያው ናቸው። ለማታውቀው ሰው ጀርባህን ትሰጣለህ። ብቻህን ነህ። ኪስህ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ አለ። ሌሊት ነው። የት እንደምትሄዱ የሚመርጠው ደግሞ እሱ ነው! ሌላ የትኛው ሠራተኛ ነው የሚዘርፈውን ሰው ዘራፊው ወደ መረጠው ጨለማ ራሱ ነድቶ የሚያደርሰው?

ካሜራውን ያስገባሁ ሰሞን ያሾፈብኝ ጋሼ የምንለው አንጋፋ ሾፌር ነው። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ቢላ ያቆማል?» አለኝ። «አያቆምም፣ ጋሼ» አልኩት። «ታዲያ ምን ሊሠራልህ?» መልስ አልነበረኝም። ጭራሽ ካሜራውን የደበቅኩት እኔ ነበርኩ። እንዳይሰረቅብኝ ብዬ ከመሃል መስታወቱ ጀርባ ሸጎጥኩት። ትንሿን መብራት በፕላስተር ሸፈንኳት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በኋላ ሳስበው፣ የተደበቀ ካሜራ የሚጠቅመኝ ከተጎዳሁ በኋላ ነው። መርማሪውን ይረዳዋል፣ ቤተሰቤን ይረዳል። እኔን ግን ያን ሰዓት አይረዳኝም። ሌባው መኖሩን ካላወቀ ምን ብሎ ይፈራል? ያው የአሜሪካ ተቋም በፈረንጆቹ 2013 የታተመ ጥናት አለው። ከ1996 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት 26 የአሜሪካ ከተሞችን አወዳድሯል። በከፊሎቹ ታክሲዎች ካሜራ ገብቶላቸዋል፣ በከፊሎቹ በሾፌርና በተሳፋሪ መካከል ግድግዳ ተደርጎላቸዋል፣ በሌሎቹ ሁለቱም የለም። ካሜራ በገባባቸው ከተሞች የሾፌሮች ግድያ በግልጽ ቀንሷል። ግድግዳው ግን ያን ያህል ለውጥ አላሳየም። እኔ ተቃራኒውን ነበር የምጠብቀው። ቢላን የሚከለክለው ግድግዳ እንጂ ካሜራ አይደለም ብዬ። ለካ ሰውዬው ቢላውን ከማውጣቱ በፊት የሚያስበው ነገር ይበልጣል።

ፕላስተሩን ላጥኩት። ካሜራውን ከመስታወቱ ጀርባ አውጥቼ ፊት ለፊት ሰቀልኩት። የኋላ በሮቹ ላይ፣ ከእጀታው አጠገብ፣ «ይህ መኪና ምስል ይቀርጻል» የሚል ስቲከር ለጠፍኩ። ቦታው ወሳኝ ነው። ውስጥ ከለጠፍከው ሰውዬው የሚያነበው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው። እጀታው ጋ ከሆነ ግን እጁን ሲዘረጋ ያየዋል። ሐሳብ ያለው ሰው እዚያው ላይ ሐሳቡን ይቀይራል። ስንቱ እንደቀየረ አላውቅም። ያልደረሰብህን ነገር መቁጠር አትችልም።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ።

አንድ ጠዋት አንድ ተሳፋሪ ሂሳብ አልከፍልም ብሎ ተጣላን። ሲወርድ በሩን በእግሩ መታው። በሩ ጎደጎደ። ተረጋጋሁ። ካሜራ አለኛ! ቀኑን ሙሉ ስሠራ ውዬ ማታ ካርዱን አውጥቼ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። የጠዋቱ የለም። የመጀመሪያው ፋይል ከቀትር በኋላ ነው የሚጀምረው። ሦስት ጊዜ ነቅዬ ሰካሁት። የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚህ ካሜራዎች ሜሞሪ ካርዱ ሲሞላ አሮጌውን እያጠፉ በላዩ ላይ ይቀርጻሉ። ጥራት ያለው ምስል በሰዓት 5 ጊጋባይት ገደማ ይበላል። የኔ ሁለት ካሜራ ነው፣ አንዱ መንገዱን ሌላው የመኪናውን ውስጥ የሚያይ። በሰዓት 10 ጊጋ ማለት ነው። ካርዴ 64 ነበር። ከስድስት ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። እኔ የምሠራው አሥር ሰዓት ነው። በቃ፣ የጠዋቱን ጠብ የከሰዓቱ ጉዞ በላው። ለከባድ ግጭት ፋይሉን በራሱ የሚቆልፍ ነገር አለው፤ በር በእግር መምታት ግን ለካሜራው ግጭት አይደለም። አንድ ቁልፍ ብጫን ይቆለፍ ነበር። ማን ነግሮኝ! አሁን 256 ጊጋ ነው የማደርገው። ያውም ተራውን ሳይሆን ቀን ከሌት ለሚቀርጽ ካሜራ ተብሎ የሚሠራውን። ተራ ካርድ ላዩ ላይ ሲጻፍበት ሲጻፍበት በወራት ውስጥ ይሞታል። መሞቱንም አይነግርህም። መብራቷ ትበራለች፣ ካርዱ ባዶ ነው።

ሌላም አለ፣ ባጭሩ። ሰዓቱን አስተካክል። ባትሪ በነቀልኩ ቁጥር የኔው ወደ ድሮ ዘመን ይመለስ ነበር። እኔ ትናንት ነው የምለውን ቪዲዮ ካሜራው ከዓመታት በፊት ነው ቢል ማን ያምነኛል? ደግሞ ውስጥ የሚቀርጸው ካሜራ በጨለማ የሚያይበት የራሱ ኢንፍራሬድ መብራት ይኑረው። ከሌለው ማታ የምታገኘው ጥቁር መጋረጃ ነው። ፀሐይ ላይ ለሚውል መኪናም ውስጡ ተራ ባትሪ ያለበትን አትግዛ። ሙቀት ያሳብጠዋል። በባትሪ ፋንታ ኃይል በሚይዝ ካፓሲተር የሚሠራው ይሻላል።

ያን ማታ ግን የጠፋውን ፋይል ፍለጋ ከቀትር በኋላ ያለውን ሁሉ እያገላበጥኩ ማየት ጀመርኩ። ምናልባት ቦታው ተዛንፎ ይሆናል ብዬ። ሰዓታት ሙሉ ያየሁት ራሴን ነው።

አንድ ተሳፋሪ አለች። ቀይ ስካርፍ ያደረገች፣ ከእናቴ ትንሽ የምታንስ። ምንም አልተናገረችም። እኔ መሪ ይዣለሁ፣ ስልኬ ጉልበቴ ላይ ነው፣ ቀጣዩን ጥሪ እያየሁ ነው። አጎነብሳለሁ። ቀና እላለሁ። አጎነብሳለሁ። መጀመሪያ እሷ በመስኮት ነበር የምታየው። ሁለተኛው ላይ ዞር ብላ አየችኝ። ሦስተኛው ላይ እጇ ወደ ላይ ወጣና ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ ጨበጠ። እስክትወርድ ድረስ አልለቀቀችውም። ስትወርድ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብላኝ ነው የሄደችው።

ፋይሉን መለስኩና ቆጠርኩ። በዚያች አጭር ጉዞ ስልኬን 11 ጊዜ አይቻለሁ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዳህ ለ2 ሰከንድ ዓይንህን ብታነሳ 33 ሜትር ሳታይ ሄደሃል። 11 ጊዜ! ካሜራውን የገዛሁት ከኋላዬ ያለውን ሰው ፈርቼ ነበር። እሷ ግን መያዣውን ጨብጣ የፈራችው እኔን ነው። አሁን ስልኩ ዳሽቦርዱ ላይ ተሰክቷል፣ ጥሪ የምቀበለው ቆሜ ነው። ገቢዬ ትንሽ ቀንሷል። አልዋሽም፣ ይቆጨኛል።

ስለ ድምፅም ልበል። አንዲት ወጣት ስቲከሩን አንብባ «ወንድሜ፣ የምናወራውንም ይሰማል?» አለችኝ። ያን ጊዜ ይሰማ ነበር። ዝም ብላ ሄደች፤ ስልኳ ሲጠራም አላነሳችም። ሰው ታክሲ ውስጥ ያለቅሳል፣ ከባለቤቱ ጋር ይጣላል፣ የሐኪም ውጤቱን ለእህቱ ይነግራል። ያን ሁሉ ማጠራቀም ምን አገባኝ? በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ከተማ ምክር ቤት በፈረንጆቹ 2009 ታክሲዎቹ ምስልም ድምፅም ሳያቋርጡ እንዲቀርጹ ደንብ አውጥቶ ነበር። የአገሩ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ድምፁን እንዲያቆም በ2012 አዘዘው። ምክር ቤቱ ይግባኝ አለ። በ2013 ተሸነፈ። ጥያቄው የተነሳው በምስሉ ላይ አይደለም፤ ያለ ማቋረጥ በሚቀዳው ድምፅ ላይ ነው። እኔም ማይኩን አጥፍቼዋለሁ። አደጋ ከመጣ በአንድ ቁልፍ እከፍተዋለሁ። ስቲከሩ ላይም «ድምፅ አይቀዳም» ብዬ ጨምሬበታለሁ።

በፊት የምነዳው የሰው መኪና ነበር። ባለቤቱ በስልኩ ቀጥታ የሚያይበት ካሜራ አስገባ። «ለደህንነትህ ነው» አለኝ። በሁለተኛው ቀን ምሳ እየበላሁ ደወለ። «ሃያ ደቂቃ ሆነህኮ፣ ምን እያኘክ ነው?» የኔን አፍ እንጂ ከኋላዬ ማን እንደተቀመጠ አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም። ያ ደህንነት አይደለም፤ ዘበኛ ነው፣ ያውም በኔ ላይ የቆመ። ትቼለት ወጣሁ። ከሱ የባሰ ደግሞ አንድ የሙያ ጓደኛችን ነበር። የሰከረ ተሳፋሪ ቪዲዮ በግሩፓችን ለቆ «ሳቁበት» አለን። ሳቅን፣ እኔም ጭምር። ሰውዬው ማታ ሰክሮ አለመንዳቱ፣ ታክሲ መያዙ፣ ትክክለኛ ሥራ ነበር። የሱ ሽልማት መሳቂያ መሆን ነው? ከዚያ ወዲህ የኔን ካርድ ፖሊስ ወይም ኢንሹራንስ ካልጠየቀ ማንም አያየውም። እኔም ያለ ነገር አልከፍተውም።

የቀረው የልማድ ነገር ነው። ሌሊት ብቻውን የሚሳፈርን ሰው «ወንድም፣ በዚያኛው በኩል ብትሆንልኝ፣ ይሄኛው ወንበር ቀበቶው አይሠራም» እላለሁ። ይሠራል። ውሸት ነው፣ ግን ማንም ተቀይሞኝ አያውቅም። ለገንዘብ አልታገልም። ከሁለት ሾፌሮች ጋር ያለንበትን ቦታ በስልክ እንጋራለን። አንዳችን ደውለን «የጎማ መፍቻውን አገኘኸው?» ካልን ነገር አለ ማለት ነው። እስካሁን የተጠቀምንበት አንድ ጊዜ ነው። እሱም ጋሼ የእውነት የጎማ መፍቻ ጠፍቶበት ነው። ሁለታችንም ተከታትለን ደረስንለት። አሁን እሱም ካሜራ አስገብቷል፤ ስለ ቢላው ግን አልጠየቅኩትም።

ትናንት ሌሊት አንድ ረጅም ሰው አስቆመኝ። እጀታውን ይዞ ስቲከሩን አነበበ። ገብቶ ልክ ከጀርባዬ ተቀመጠ። ማጅራቴ ቀዘቀዘ። እስከ ዛሬ ይቀዘቅዛል። ስለ ቀበቶው ልነግረው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«እውነት ይቀርጻል?»

«ይቀርጻል።»

ቀና ብሎ ቀይዋን መብራት አያት። ፀጉሩን በእጁ አስተካከለ። ከዚያ «እዚህ ጋ አልታይም መሰለኝ» ብሎ ራሱ ወደ ሰያፉ ወንበር ተሻገረ።